ከመርዳት በፊት መጠየቅ

ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሥራውን ወዲያው አልጀመረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ ጋር ተነጋገረ (ነህ. 2፥11-18)። እኛም በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለእርዳታ ስንነሣ ይህንኑ ሥርዓት ልንከተል ይገባናል።

አንደኛ፦ ስለ አካባቢው ታሪክ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ ዙሪያው የእርሻ መሬት ነበር። ከተማው ወደ ገርጂና ወደ ቦሌ ቡልቡላ ሲሰፋ ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ለቀዋል። ይህን ሳናውቅ በፎቆቹ መካከል ያለውን ድህነት አንረዳውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ትምህርት መምህራንን እንጠይቅ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቶሎ ይገባዋልና። ልጁ በቤቱ ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ከክፍል ስለምን እንደሚቀር መምህሩ ያውቃል።

ሦስተኛ፦ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የእድር ዳኞችን እንጠይቅ። እድር በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ የትኛዋ እናት ባሏን እንዳጣች፣ የትኛው ልጅ ያለ ወላጅ እንደ ቀረ ያውቃል። መዋጮ መክፈል ያቃተው ድሀ ግን ስሙ በመዝገቡ ላይገኝ ይችላል። ስለ እርሱ ሳንጠይቅ ዕርዳታ ብናድል፣ ይበልጥ የተቸገረውን እናልፈዋለን።

ለውይይት፦
1. በአጥቢያችሁ ታሪኩን አጥርተው የሚያውቁ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው?
2. በማንም መዝገብ ያልተጻፈውን ችግረኛ እንዴት እናገኘዋለን?