ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የቦሌው አፓርታማችን ስሌት

ባለፈው ጁላይ አባዬ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለለት፤ ሲጨርስ እየሳቀ ወደ ኩሽና ገባ። ደላላው «ጋሼ፣ ቤትዎ ዘጠኝ ሚሊዮን ገብቷል» ብሎታል። ቤቱ ቦሌ ያለው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ ሕንጻው ገና ሳያልቅ በ5.2 ሚሊዮን ብር ነበር የገዛነው። እማዬ ቡና እየቀዳች «ተመስገን» አለች። እኔ በማግስቱ የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ስለነበረብኝ ካልኩሌተሩ እጄ ላይ ነበር። ቤቱ ይሸጥ የተባለው ደግሞ የኔን የነርሲንግ ትምህርት ክፍያ ለመሸፈንና እዚህ ሊንውድ ለቤት ቅድመ ክፍያ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ቡናዬን ልጠጣ አልቻልኩም።

ነርሲንግ ስንጀምር ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ፦ መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር አትመኑ። ሚሊግራምና ማይክሮግራም የሺህ እጥፍ ልዩነት አላቸው፤ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መለኪያው ከተሳሳተ በሽተኛው ይጎዳል። የቤት ዋጋም እንደዚሁ ነው። ዘጠኝ ሚሊዮኑ ብር ነው። እኛ ግን የከፈልነው አባዬ በሌሊት ፈረቃ ያጠራቀመውን ዶላር ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ስንገዛ አንድ ዶላር በባንክ 52 ብር አካባቢ ነበር። 5.2 ሚሊዮኑን ለ52 ብናካፍል 100 ሺህ ዶላር ይመጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 (ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.) የብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፤ በዓመቱ ደግሞ ከ130 በላይ ሆነ። ለስሌት እንዲቀለን 135 እንያዝ። ዘጠኝ ሚሊዮን ሲካፈል ለ135፣ 66 ሺህ 667 ዶላር። በብር 73 በመቶ የጨመረው ቤት በዶላር ሲሶውን አጥቷል። የገባንበትን ገንዘብ ብቻ ለመመለስ እንኳ ቤቱ 13.5 ሚሊዮን ብር መሸጥ ነበረበት።

ይህን ስናገር አባዬ ቡናውን አስቀመጠ። «ጨምሯል እኮ!» አለ። ልክ ነው፣ ጨምሯል። ቀንሷልም። ሁለቱም እውነት ነው።

እዚህ ላይ ሰው ጮክ ብሎ የማያወራው ነገር አለ። ተመኑ ከመለቀቁ በፊት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት እጥፍ ደርሶ ነበር። ገንዘቡን በጓሮ የላከ ሰው ያንኑ ቤት በጣም ባነሰ ዶላር ገዝቷል፤ ስለዚህ ኪሳራው ትንሽ ነው፣ ወይም የለውም። የአገሩን ሕግ አክብሮ፣ ደረሰኝ ይዞ በባንክ የላከው ነው ትልቁን ጉዳት የተሸከመው። አባዬ «ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ የኔ አይደለም» የሚል ሰው ነው። በዚህ አልወቅሰውም፤ ግን ያናድዳል።

«እሺ፣ ዶላሩን እርሱት፤ በብር ብቻ ብናስበውስ?» ትሉ ይሆናል። በገዛንበት ጊዜ የኢትዮጵያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝም ዋጋ መጨመሩን አላቆመም። የጤፉ፣ የትራንስፖርቱ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሁሉ ሲወጣ ቤቱም አብሮ ወጣ እንጂ ቀድሞ አልሮጠም።

ደግሞ ዘጠኝ ሚሊዮን የሚለው የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተከፈለ አይደለም። አባዬ ደላላውን «ገዢው የታለ?» ብሎ ሲያፋጥጠው፣ እጁ ላይ ያለው ገዢ 7.8 ሚሊዮን ነው የሚሰጠው። ያ ከ58 ሺህ ዶላር ትንሽ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው አፓርታማ የሚገዛው በባንክ ብድር ሳይሆን ከኪሱ፣ በዙር እየከፈለ ነው። ባንክ ስለማያስገድደው ሻጩ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ገዢው ነው፤ ዋጋው ወረቀት ላይ እንደቆመ ይቀራል።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ የሲያትል አካባቢ የቤት ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ከሩብ በላይ ወርዷል። ብዙው ቤት በሞርጌጅ የተያዘ ስለነበር መክፈል ያቃተው ሰው የመጠበቅ ዕድል አላገኘም፤ ባንኩ ወስዶ ሸጠው። ውድቀቱ ለሁሉም ታየ። የኛው ግን ተደብቆ ነው የሚወርደው።

ድብቅ ቅናሽ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሊንውድ ሲቲ ሴንተር ባቡር ጣቢያ ኦገስት 30 ቀን 2024 ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ስታልፉ «የመጀመሪያው ወር ነጻ» የሚል ሰሌዳ አይታችሁ ይሆናል። ኪራዩ በወር 2,400 ዶላር ቢሆንና አንድ ወር ቢማርላችሁ፣ ዓመቱን ስታካፍሉት በወር 2,200 ነው የከፈላችሁት። ባለቤቱ ግን ወረቀቱ ላይ 2,400ን አልነካም። አዲስ አበባም አልሚው በካሬ ዋጋ አይቀንስም፤ የመኪና ማቆሚያ ይመርቃል፣ የኩሽና ካቢኔት ይገጥማል፣ የመክፈያ ጊዜውን ያራዝማል። ያ ሁሉ ቅናሽ ነው።

ለምን አዲሶቹና መሀል ከተማ ያሉት ይበልጥ ይጎዳሉ? ሊፍቱ፣ ብረቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የወለል ሴራሚኩ አብዛኛው በዶላር የሚመጣ ነው፤ ብር ሲወድቅ የመገንቢያው ወጪ ይንራል። የገዢው ደሞዝ ግን በብር ነው። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ (በኋላ ወደ 18 ከፍ ተደርጎ ነበር)። ብድርም ሲጠብ፣ አንድ ሕንጻ ተጠናቆ ብዙ ባለቤቶች ባንድ ጊዜ «የሚሸጥ» ሲሉ፣ አንዱ ፎቅ ከሌላው ፎቅ ጋር ይፎካከራል። የድሮ ሰፈር ቪላ ይህ ችግር የለበትም።

ወላጆቻችሁ ቤት ካላቸው፣ ወይም ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥታችሁ ራሳችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ገንዘቡ በመጨረሻ የሚወጣው የት ነው?» የሚለውን ነው። እማዬ ጡረታ ስትወጣ እዚያው ልትኖርበት ቢሆን የዶላሩ ስሌት ብዙም አያስጨንቃትም ነበር፤ ጣሪያ ጣሪያ ነው። የትምህርት ክፍያ ግን የሚጠየቀው በዶላር ነው። ብሩን ወደ ዶላር ለውጦ ማምጣቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

እማዬ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ለምን አንሄድም፣ እዚያው አንኖርበትም?» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ፤ አልሳቀችም። አባዬ ደላላውን መልሶ ደወለና «ከ8.5 ሚሊዮን በታች አትንገረኝ» ብሎት ዘጋ። እስካሁን አልደወለም። እኔ የነጻ የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ።