ለጨቅላ ሕፃን የደም ካንሰር አዲስ መድኃኒት አለ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ የስምንት ወር ሕፃን ነው። አጣዳፊ የደም ካንሰር (ሉኬሚያ) አለበት ተባልን። ውጭ አገር የተሞከረ አዲስ መድኃኒት አለ የሚባለው እውነት ነው? (ከወረታ)

መልስ፦ እውነት ነው። ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት የሚይዘው ሉኬሚያ ትልልቆቹን ልጆች ከሚይዘው ይልቅ ይከፋል፤ በኬሞቴራፒ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ ቶሎ ያገረሻል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ፣ ከኔዘርላንድስ በተመራ ጥናት፣ ሊምፎብላስቲክ የተባለው ዓይነት የያዛቸው 30 ሕፃናት ከኬሞቴራፒው ጋር ብሊናቱሞማብ ተሰጣቸው። መድኃኒቱ የሕፃኑን የመከላከያ ሕዋስ ከካንሰሩ ሕዋስ ጋር ያገናኛል። በደም ሥር፣ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ፣ 28 ቀን ይሰጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ 93 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ቀድሞ በኬሞቴራፒ ብቻ 66 በመቶ ገደማ ነበር። 30 ሕፃን ጥቂት ነው፤ ውጤቱ ግን ልብ ይሞላል።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ የወባ አገር ነው። ስለዚህ የሉኬሚያው ትኩሳትም የፊት መገርጣትም «ወባ ነው» ተብሎ ሳምንታት ያልፋሉ። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ቆዳው ያለ ምክንያት የበለዘ ወይም ሆዱ የተነፋ ሕፃን ሙሉ የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል።

ለእህትዎ ልጅ ኬሞቴራፒው ራሱ መዘግየት የለበትም። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ሪፈር አስጽፈው ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ።