በመጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ስም



እኛ የመሸንቲ ወጣቶች የመጻሕፍት ሣጥናችንን ስናስተካክል የፊት ቅጠሉ የተቀደደ ውዳሴ ማርያም አገኘን። በዚያ ቅጠል ላይ መጽሐፉን የሰጡን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ አባት ስም ተጽፎ ነበር። የቀደደው ከእኛው አንዱ ነው፤ የራሱን ስም ሊጽፍበት ብሎ። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ ስለሚጻፍ ስም ጥቂት እንማማር።

በአውሮፓ ባለ መጽሐፉ ስሙንና ምልክቱን በትንሽ ወረቀት አሳትሞ በሽፋኑ ውስጥ ይለጥፋል። በላቲን «ኤክስ ሊብሪስ» ይባላል፤ «ከእገሌ መጻሕፍት» ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ሃንስ ኢግለር የተባለ ጀርመናዊ የጃርት ሥዕል ነበረው፤ ስሙ በቋንቋቸው ጃርትን ያስታውሳልና።

አባቶቻችን ግን በብራናው ላይ ይጽፉ ነበር። በጣና ገዳማትና በሌሎችም ቦታዎች በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ፣ የሰረቀውና የፋቀውም የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ ይገኛል። የባለቤቱም የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል፤ የሚያነበው ሁሉ ያስበው ዘንድ። መጽሐፉ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው የተተካበት ጊዜም አለ። እንግዲህ እናስተውል፤ የተፋቀው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የሰው መታሰቢያ ነው።

ጽሕፈት የመጽሐፍን መንገድም ይመሰክራል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ የብራና መጻሕፍት ወሰደ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው ስለ ጠየቁ፣ ከተወሰዱት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን የብሪቲሽ ሙዚየም በዚያው መጽሐፍ ላይ ጽፎበታል። ከተወሰዱት ብዙዎቹ ግን እስከ ዛሬ በባዕድ አገር ናቸው።

እኛስ ምን እናድርግ? በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ አስቀድመን የሰጪውን ስም፣ ቀጥሎ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን፣ ከዚያም ቀኑን እንጻፍ። ሥዕል የሚችል እንደ ጥንቱ ሐረግ ይሣልበት። በቤታችን የአያቶቻችን ዳዊት ቢኖር ስማቸውን አንፋቅ፤ የእኛን ከሥሩ እንጨምር። የተዋስነውንም እንመልስ።

የእኒያን አባት ስም በአዲስ ቅጠል ላይ እንጽፋለን። ቅጠሉን የቀደደው ወንድማችን «እኔው ልጻፈው» ብሎ ለምኗል፤ እኛም ፈቅደንለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።