መንገዱ የማን ነው?

ይህ ትምህርት ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ነው። ከተማዋ ፖይንተን ትባላለች። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቼሸር በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከትልቁ ከማንቸስተር ከተማ በስተደቡብ ትገኛለች። የነዋሪዎቿ ብዛት ወደ 14,000 ይጠጋል።

ስለ ፖይንተን የምንማረው ትልቅ ወይም ዝነኛ ከተማ ስለሆነች አይደለም። መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ነዋሪዎቿ ስለ ጠየቁ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ መንገዱ የማን ነው? የሚያልፈው የመኪና ነው ወይስ እዚያው የሚኖረው የሰው?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መኪና በበዛ ጊዜ

ፖይንተን ድሮ የድንጋይ ከሰል የሚወጣባት መንደር ነበረች። የድንጋይ ከሰል ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ የሚነድ ጥቁር ድንጋይ ነው። የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ በ1935 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነዋሪዎች ሥራቸውን በማንቸስተርና በስቶክፖርት ከተሞች አደረጉ። ጠዋት በባቡርና በመኪና ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። አዳዲስ ቤቶች ተሠሩ። መንደሯም ከተማ ሆነች።

ከተማዋ ስታድግ መንገዱ ግን ያው የድሮው ነበር። ከደቡብ ከማክልስፊልድ ወደ ሰሜን ወደ ስቶክፖርት የሚሄደው ዋና መንገድ መሐል ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከሌሎች መንገዶች ጋር ይገናኛል። በዚያ መስቀለኛ መንገድ በቀን ወደ 26,000 የሚሆኑ መኪናዎች ያልፉ ነበር። ከነዚህም ውስጥ ትላልቅ የጭነት መኪናዎች ነበሩ።

ታዲያ ምን ሆነ? አሮጊቷ ከሱቅ ወደ ቤቷ ለመሻገር ፈራች። እናት የልጇን እጅ ጨብጣ ብዙ ጊዜ ቆመች። ሰው ወደ ገበያ መምጣት ሲተው አንዳንድ ሱቆች ተዘጉ። መንገዱ ከተማዋን እንደ ወንዝ ለሁለት ከፈላት።

የሞቱ ሰዎች ቁጥር እንዴት ቀነሰ?

ችግሩ የፖይንተን ብቻ አልነበረም። በ1934 በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በመኪና አደጋ የሞቱት 7,343 ሰዎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረው ተሽከርካሪ 2 ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም። ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በእግራቸው የሚሄዱ ነበሩ።

ነገሩ ዕጣ ፈንታ ነው ተብሎ አልታለፈም። በ1935 በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ተከለከለ። በዚያው ዓመት አዲስ ሹፌር ሁሉ ሳይፈተን እንዳይነዳ ተወሰነ። በ1951 እግረኛ የሚሻገርበት ነጭና ጥቁር መስመር መንገድ ላይ ተቀባ። የሜዳ አህያ ስለሚመስል ዜብራ ተባለ። በ1967 ሹፌር መጠጥ መጠጣቱ በትንፋሹ መመርመር ጀመረ። በ1983 ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሰዎች የወገብና የደረት ቀበቶ እንዲያስሩ ግዴታ ሆነ።

ውጤቱን በቁጥር እንመልከት። በ1966 የሞቱት 7,985 ሰዎች ነበሩ። በ2023 የሞቱት 1,624 ናቸው። በነዚህ ዓመታት የመኪናው ብዛት ወደ ሦስት እጥፍ ያህል አድጓል። መኪናው በዛ፤ ሟቹ ግን አነሰ። እንግዲህ የመኪና አደጋ ሰው ሊከላከለው የሚችል ነገር ነው ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

ፍጥነት ምን ያደርጋል?

አንድ ሹፌር በመንገዱ ላይ ልጅ ድንገት ሲገባበት አየ እንበል። መኪናው ወዲያው አይቆምም። መጀመሪያ ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ ድረስ መኪናው ይሄዳል። ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላም መኪናው እስኪቆም ድረስ ይሄዳል።

የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ይህን በቁጥር ያስተምራል። መንገዱ ደረቅ ሆኖ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም 12 ሜትር ይፈልጋል።
በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 23 ሜትር ይፈልጋል።
በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 36 ሜትር ይፈልጋል።
በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 73 ሜትር ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እናወዳድር። ከ23 ላይ 12 ሲቀነስ 11 ይቀራል። ልጁ ከመኪናው 15 ሜትር ርቆ ቢገኝ፣ በ32 የሚሄደው ሹፌር ልጁ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። በ48 የሚሄደው ግን አያቆመውም፤ ልጁን ይመታዋል። ልዩነቱ 11 ሜትር ብቻ ነው። በዚህች 11 ሜትር ውስጥ ግን የአንድ ልጅ ሕይወት አለ።

ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። የተጫነ ከባድ መኪናም ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ እግረኛው «አይቶኛል፤ ይቆምልኛል» ብሎ ብቻ መግባት የለበትም። ሹፌሩም «ይሸሻል» ብሎ መገስገስ የለበትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እህል ቢፈስ ይለቀማል። የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።

መብራቱ የተነሣበት መስቀለኛ መንገድ

በፖይንተን ከብዙ ውይይት በኋላ ነገሩን በአዲስ መንገድ ለመሞከር ተወሰነ። ሥራው በ2012 ተፈጸመ። ወጪው ወደ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው።

ምን ተሠራ? የትራፊክ መብራቶቹ ተነሡ። መንገድ ላይ የተቀቡት መስመሮች ጠፉ። ሰፊው የመኪና መንገድ ጠበበ፤ የእግረኛው ቦታ ሰፋ። መሬቱ ልዩ ልዩ ቀለም ባለው ድንጋይ ተነጠፈ። በመስቀለኛው መንገድ ላይ ሁለት ትላልቅ ክቦች በድንጋይ ተሠሩ።

መብራት ማንሣት ለምን አስፈለገ? ይህ ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው። ነገሩን ያቀዱት ሰዎች ሐሳባቸው እንዲህ ነበር። መብራት ባለበት ቦታ ሹፌሩ የሚያየው መብራቱን ነው። አረንጓዴ ሲበራ «ተራዬ ነው» ብሎ ይፈተለካል። ሰውን አያስተውልም። መብራት በሌለበት ቦታ ግን ማን መቅደም እንዳለበት የሚነግረው የለም። ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሶ የሰውን ዓይን ማየት ግድ ይሆንበታል። እግረኛውም ሹፌሩን ያያል። ተያይተው ይተላለፋሉ። ይህ አሠራር «የጋራ ቦታ» ተባለ።

መኪናዎቹ በዝግታ መሄድ ጀመሩ። ብዙ ጊዜ ሹፌሮች እየቆሙ እግረኛ ያሳልፋሉ። በሥራው የተደሰቱ ነዋሪዎች ብዙ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁሉም አልተደሰተም።

ዓይን የሌለውስ?

«ተያይተው ይተላለፋሉ» ብለናል። ዓይኑ የማያይ ሰውስ እንዴት ይሁን?

ዓይነ ስውር ሰው በከተማ ሲሄድ በበትሩ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እየነካ ይሄዳል። ከፍ ያለው የጠርዝ ድንጋይ «እዚህ ላይ የሰው መንገድ ያበቃል፤ ከዚህ ወዲያ የመኪና ነው» ብሎ ይነግረዋል። በእንግሊዝ ዓይነ ስውራንን የሚመሩ የሠለጠኑ ውሾችም አሉ። ውሻው ጠርዙ ጋ ሲደርስ እንዲቆም ተምሯል። የሰውና የመኪና መንገድ እኩል ተነጥፎ ጠርዙ ሲጠፋ ግን በትሩም ውሻውም ወሰኑን አያገኙትም። መብራት ያለበት ማቋረጫ የሚያሰማው ድምፅም የለም።

ይህን ነገር በመላው አገር ያነሡት ሰዎች ነበሩ። በ2015 ሎርድ ሆልምስ የተባሉ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ስለ እነዚህ የጋራ ቦታዎች ጽሑፍ አወጡ። እሳቸው ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው። እሳቸው ከጠየቋቸው ሰዎች መካከል ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በእንዲህ ያለ ቦታ ማለፍ እንደሚሸሹ ተናገሩ። ሎርድ ሆልምስም ሥራው እንዲቆም ጠየቁ። በ2018 መንግሥት የሰውን መንገድ ከመኪና መንገድ ጋር እኩል የሚያደርግ አዲስ ሥራ ለጊዜው እንዲገታ የየአካባቢውን ምክር ቤቶች ጠየቀ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ለጤነኛና ለጎልማሳ የሚመች መንገድ ሁሉ ለሁሉም ይመቻል ማለት አይደለም። መንገድ ሲታቀድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሚቸገረው ሰው ነው። ዓይነ ስውሩ፣ አሮጊቷ፣ ልጁ፣ ምርኩዝ የያዘው ሰው መጠየቅ አለባቸው። መንገዱ ለነሱ ከተመቸ ለጎልማሳውም ይመቻል።

ከከተማው ውጭ የሚያልፍ መንገድ

የመሐሉ መንገድ ቢስተካከልም የመኪናው ብዛት አልቀነሰም። ብዙዎቹ መኪናዎች ፖይንተን ምንም ጉዳይ የላቸውም። የሚሄዱት ወደ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ከከተማው ዳር የሚያልፍ መንገድ ይሠራልን ሲሉ ነበር።

መንገዱ በመጨረሻ ተሠርቶ በመጋቢት 2023 ተከፈተ። ርዝመቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው። አሁን አላፊው መኪና መሐል ከተማ ሳይገባ ዳር ዳሩን መሄድ ይችላል።

ግን ይህም ያለ ዋጋ አልመጣም። አዲሱ መንገድ የሄደው በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ነው። ለከተሜው ዕረፍት የሆነው ነገር መሬቱ ለተነካበት ገበሬ ሌላ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ሕግ መሬቱ ለመንገድ የሚፈለግበት ሰው አስቀድሞ ይነገረዋል። ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። መሬቱ ከተወሰደም ካሣ ይከፈለዋል። ማስታወቂያውን አንብቦ በቀኑ መልስ የሰጠ ሰው ይሰማል። ቀኑ ካለፈበት በኋላ የሚመጣ ግን ይቸገራል። ማንበብና መጻፍ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ቤት ሲሠራ መንገዱም ይታሰባል

በ1947 በወጣ ሕግ መሠረት በእንግሊዝ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው በአጠቃላይ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ለሕዝብ ይገለጻል። ጎረቤት ሐሳቡን ጽፎ መላክ ይችላል። ብዙ ቤት የሚሠራ ድርጅት ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና አገልግሎት ገንዘብ እንዲያወጣ ሊጠየቅ ይችላል።

በ2017 የአካባቢው አስተዳደር ባጸደቀው ፕላን ለፖይንተን ወደ 650 አዳዲስ ቤቶች ታቀዱ። በ2019 ደግሞ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባዘጋጁት የከተማቸው ፕላን ላይ ድምፅ ሰጡ። በቤቱ ጉዳይ ክርክሩ ብዙ ነው። ወጣቱ «ቤት አጣን፤ ይሠራልን» ይላል። ሌላው «መንገዱ ተጨናንቋል፤ ሜዳው ያልቃል» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቤት ያስፈልጋል። ነገር ግን አዲስ ቤት ማለት አዲስ መኪና፣ አዲስ ተማሪ፣ አዲስ እግረኛ ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱና መንገዱ አብረው መታሰብ አለባቸው። መጀመሪያ ቤት ሠርቶ በኋላ ስለ መንገዱ ማሰብ ሞትን መጋበዝ ነው።

ለኛስ ምን ይጠቅማል?

የፖይንተን ሰዎች ኑሮ ከኛ ኑሮ ይለያል። መኪና ግን እዚያም ሆነ እዚህ አንድ ነው። ሲሮጥ በቶሎ አይቆምም።

የእንግሊዝ ደንብ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ሰው በቀኝ ጠርዝ እንዲሄድ ይመክራል። በእንግሊዝ መኪና የሚሄደው በግራ ስለሆነ፣ በቀኝ የሚሄድ እግረኛ የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። በኛ አገር መኪና የሚሄደው በቀኝ ነው። ስለዚህ እኛ በግራ ጠርዝ እንሂድ። ከኋላ የሚመጣ መኪና አይታይም፤ ከፊት የሚመጣ ይታያል። በጨለማም ሹፌሩ ጥቁር ልብስ የለበሰውን በቶሎ አያየውም። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ጋቢ የለበሰውን ግን ከሩቅ ያየዋል።

ይህ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ነው። የማኅበረሰቡ ድርሻ ደግሞ አለ። አዲስ መንገድ በመንደራችን ሊያልፍ ሲል አስቀድመን እንጠይቅ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በየት ይሻገራሉ? ከብቱ ወደ ውሃ በየት ይወርዳል? ገበያው ከመንገዱ ምን ያህል ይርቃል? እነዚህን ጥያቄዎች መሐንዲሱ ላያውቃቸው ይችላል። እዚያ የሚኖር ሰው ግን ያውቃቸዋል። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ከተናገረ ሥራው በቀላሉ ይቃናል።

ጥያቄዎች

1. በፖይንተን የትራፊክ መብራት የተነሣው ለምንድን ነው?
2. ዓይነ ስውራን አዲሱን አሠራር ለምን ፈሩት?
3. በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም 36 ሜትር ይፈልጋል። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚሄደው 12 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ በስንት እጥፍ አደገ? ርቀቱስ በስንት እጥፍ አደገ?
4. በአካባቢያችሁ ልጆችና ከብቶች መንገድ የሚያቋርጡት የት ነው? ቦታው አደገኛ ከሆነ ምን ማድረግ ይቻላል? ተወያዩ፤ የተስማማችሁበትንም በወረቀት ላይ ጻፉ።