የገዢ የጥገና ጥያቄ በቤት ሽያጭ ውል፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ድንጋጌዎችና የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነባራዊ ሁኔታ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ጉድለት አይቶ «ይህ ታድሶ ይሰጠኝ» ቢል፣ ጥያቄው በሻጩና በገዢው መብት ላይ ምን ውጤት ያስከትላል? ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከዋስትናና ከቀብድ ድንጋጌዎች አንጻር ይመረምራል። የጥገና ጥያቄ ከዋጋ ክርክር ባሻገር ገዢው ጉድለቱን ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚሆን፣ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ ከታለፈ ጠያቂውን ሊጎዳ እንደሚችል ጽሑፉ ይከራከራል።

1. መግቢያ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የጀሞና የጎፋ ኮንዶሚኒየሞች፣ የማኅበር ቤቶች፣ የግል ቪላዎችና የቆዩ የጭቃ ቤቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የሚነሡት የጥገና ጥያቄዎችም እንዲሁ ይለያያሉ፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የሞላ ሴፕቲክ ታንክ፣ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ የሚያበሰብስ የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ሊጠቀሱ ይችላሉ። የአብዛኛው ገዢ ገንዘብ የዓመታት ቁጠባ፣ ዕቁብ፣ የዘመድ እርዳታ ወይም የባንክ ብድር እንደ መሆኑ፣ ካልተጠበቀ የጥገና ወጪ በኋላ እጁ ላይ የሚተርፍ ነገር የለም።

2. የዋስትናው መሠረት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ ስለ መሆኑ ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንቀጽ 2875 መሠረት ስለ ሽያጭ የተደነገጉት አጠቃላይ ደንቦች ለማይንቀሳቀስ ንብረትም ያገለግላሉ። የሕጉ አርቃቂ ረኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ ዋስትናውም የፈረንሳይ ሕግ ለተሰወረ ጉድለት ከሚሰጠው ጥበቃ ጋር ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ ዋስትናው ሦስት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ ገዢው ውል ሲዋዋል ያወቀው ወይም ከባድ ቸልተኝነት ባይኖርበት ኖሮ ሊያየው ይችል የነበረው ጉድለት በዋስትናው አይሸፈንም። ሁለተኛ፣ ገዢው ነገሩን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ተዋዋዮቹ ዋስትናውን በውል ሊያጠቡ ወይም ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ግን እንዲህ ያለው የውል ቃል ዋጋ የለውም።

ከመጀመሪያው ገደብ አንድ ተቃርኖ ይወለዳል። «ጣሪያው ያፈሳል፣ አሠራልኝ» ያለ ገዢ ጉድለቱን ማወቁን በራሱ አንደበት መስክሯል። ሻጩ በቃል «ችግር የለም፣ ይሠራል» ብሎት ስለ ጥገናው አንድም ቃል የሌለበት ውል ከተፈረመ፣ ገዢው በኋላ በዋስትና ሲከስ ጥያቄው መልሶ መከላከያ ይሆንበታል። ምንም ሳይጠይቅ ከገዛውና የተሰወረ ጉድለት ከገጠመው ሰው ይልቅ የእርሱ አቋም ሊደክም ይችላል።

3. ከቀብድ በፊትና ከቀብድ በኋላ

በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቅቆ፣ ተቀባዩም ዕጥፉን መልሶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ለምሳሌ 300,000 ብር ቀብድ የከፈለ ገዢ በፈቃዱ ቢተው ያንኑ ያጣል፤ ሻጩ ቢተው 600,000 ብር ይመልሳል። ስለዚህ ከቀብድ በፊት ያለ ወጪ መተው የሚችለው ገዢ ከቀብድ በኋላ የመደራደር ኃይሉ ይቀንሳል። በእኔ አተያይ ግን አንቀጽ 1885 የሚገዛው በፈቃድ መተውን ነው፤ ሻጩ በደበቀው ጉድለት ምክንያት የሚቀርብ የማፍረስ ጥያቄ በውል አለመፈጸም ሥር ሊታይ ይገባል።

የፎርም ጉዳይም አለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በአንቀጽ 2877 በጽሑፍ መሆን፣ በአንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። በደላላ ቢሮ በምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ብቻ የሰፈረ የጥገና ግዴታ ወደ መጨረሻው ውል ካልተሸጋገረ ለክርክር ይጋለጣል።

4. ጉድለቱ የማን ነው?

በጋራ ሕንፃ ቤት ሻጩ ብቻውን ሊያድሰው የማይችለው ጉድለት አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል ቤትን ከጋራ መጠቀሚያ ይለያል፤ የጋራውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የላይኛው ፎቅ ሻጭ የጋራ የሆነውን ጣሪያ አድሳለሁ ብሎ ቃል ቢገባ ከሥልጣኑ በላይ ቃል ገብቷል። ተገቢው መልስ ጉዳዩን ለማኅበሩ አቅርቦ የማኅበሩን ውሳኔና የወጪ ድርሻውን በውሉ ማስፈር ነው።

5. ወቅትና ምርመራ

በደቡባዊ አዲስ አበባ በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በደረቅ ወራት ይኮማተራል። ስለዚህ መሠረት በሚገባ ባልተሠራበት ቤት በአፈሩ መኮማተር የሚመጣ ስንጥቅ በበጋ ጎልቶ ይታያል፤ የጣሪያና የፍሳሽ ችግር ግን የሚገለጠው በክረምት ነው። በጥር የተመረመረ ቤት ስለ ጣሪያው፣ በነሐሴ የተመረመረውም ስለ መሠረቱ በቂ መረጃ ላይሰጥ ይችላል። በቅርብ የተቀባ ግድግዳም የውኃ እድፍና ስንጥቅ ስለሚሸፍን ጥያቄ ማስነሣት አለበት።

6. የሻጩ አማራጮች

ሻጩ አራት መልሶች አሉት፦ ከርክክብ በፊት ማደስ፣ ዋጋ መቀነስ፣ የክፍያው ከፊል ጥገናው እስኪጠናቀቅ እንዲቆይ መስማማት፣ ወይም አልጠግንም ማለት። ማደስን የመረጠ ሻጭ የሥራውን ዝርዝር፣ የማጠናቀቂያ ቀኑንና ሥራውን አይቶ የሚቀበለውን ባለሙያ በውሉ ይወስን፤ ያለዚያ «ታድሷል» የሚለው ቃል ለሁለቱ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። ዋጋ መቀነስ ክርክርን ያሳጥራል፤ የጥገናው ወጪ ከግምት በላይ የመሆን ሥጋት ግን ወደ ገዢው ይዞራል። ጥያቄውን አለመቀበልም ሕጋዊ መልስ ነው፤ ጉድለቱ በስም ተጠቅሶ ገዢው አውቆ መግዛቱ እስከ ተጻፈ ድረስ ሻጩን ይጠብቃል። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ጥቅል ሐረግ ግን የደበቀውን ሻጭ አያድንም።

7. ማጠቃለያ

ሕጉ የገለጠን ሻጭ ይጠብቃል፣ የደበቀውን አይጠብቅም፤ አውቆ ዝም ያለ ገዢንም አይደግፍም። ስለዚህ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ከሚፈረመው ውል ጋር በሁለቱም ወገን የተፈረመ የጉድለት ዝርዝር አባሪ እንዲሆን ይህ ጽሑፍ ሐሳብ ያቀርባል። ዝርዝሩ እያንዳንዱ ጉድለት የግል ወይም የጋራ መሆኑን፣ የተመረመረበትን ወር፣ የተሰጠውን መልስና የሚፈጸምበትን ቀን ቢይዝ፣ ገዢው ያነሣው ጥያቄ መልሶ እርሱን የሚወጋ ማስረጃ ከመሆን ይድናል፤ ሻጩም ከርክክብ በኋላ ከሚመጣ ክስ ይጠበቃል።