የምርጫ ኮርስ መቀመጫ ለማን? በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ መርሐ ግብሮች የኮርስ ድልድል ደንብና ውጤቱ

በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ መርሐ ግብሮች ዘንድ ስለ ምርጫ ኮርሶች ውይይት ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በይዘት ላይ ያተኩራል። የድርድር ኮርስ ይጨመር ወይስ ይቅር፣ የሥራ ፈጠራ አመራር ስንት ክሬዲት ሰዓት ይያዝለት በሚሉ ጥያቄዎች የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴዎች ብዙ ይደክማሉ። ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ ሬጅስትራር ይተላለፋል፤ የቀረውም እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይቆጠራል። ይሁንና አንድ ተማሪ ምን ተምሮ እንደሚመረቅ የሚወስነው ዝርዝሩ ብቻ አይደለም። ፈላጊው ከመቀመጫው ሲበዛ ቦታው የሚደለደልበት ደንብም ከዝርዝሩ የማያንስ ድርሻ አለው። ይህ ጽሑፍ ያንን ደንብ ይመረምራል። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ጉዳዩ በመረጃ ተደግፎ በስፋት የተጠናው በእነርሱ ዘንድ ነውና።

የምርጫ ኮርሶች ክብደት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመቱ መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዓመት ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት በሆኑ ግዴታ ኮርሶች የተሞላ ሲሆን ሁለተኛው ዓመት ለምርጫ የተተወ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቡዝ ትምህርት ቤት ደግሞ ከአንድ የአመራር ኮርስ በቀር ሁሉም ተማሪ በስም ተለይቶ የሚገደድበት ኮርስ የለውም፤ የቀረውን መስፈርት ተማሪው ከአማራጮች መካከል እየመረጠ ያሟላል። ከዲግሪው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ በምርጫ ሲያዝ የድልድሉ ደንብ ራሱ የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ይሆናል።

በቀዳሚነት ወደ አእምሮ የሚመጣው ደንብ ዕጣ ነው። ተማሪዎች ተራ በዕጣ ይደርሳቸዋል፤ ተራው የደረሰው የሚፈልጋቸውን ኮርሶች ሁሉ አንሥቶ ለቀጣዩ ይለቃል። ይህ ደንብ አንድ ትልቅ በጎነት አለው፦ ማንም እውነተኛ ፍላጎቱን በመደበቅ የሚያተርፈው ነገር የለም። ፍትሐዊም ይመስላል። ከዕቁብ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች ቢኖሩ አያስገርምም፤ ነገር ግን ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን እንደሚቀድም እንጂ ማን እንደሚያገኝ አይደለም፤ የመጨረሻው ባለ ዕጣም ያንኑ ገንዘብ ይወስዳል። በኮርስ ድልድል ግን ተራው መጨረሻ የሆነ ተማሪ የሚያገኘው ትርፍራፊ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ዐሥር ኮርስ የሚመርጥ ባለ አንደኛ ተራ ዐሥረኛ ምርጫውን ሲወስድ ያ መቀመጫ ለመጨረሻው ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን መቻሉ ነው። ቀዳሚው ብዙም የማይጓጓለትን ያገኛል፤ ተከታዩ ትምህርት ቤቱን የመረጠበትን ምክንያት ያጣል።

ሃርቫርድ የሠራበት ደንብ ይህንን ጉድለት ለማለዘብ የታሰበ ነው። ተማሪዎች የኮርሶችን ቅደም ተከተል ያስገባሉ፤ ተራቸው በዕጣ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ ዙር ግን አንድ ተማሪ አንድ ኮርስ ብቻ ይመደብለታል፤ በሁለተኛው ዙር ተራው ተገልብጦ የመጨረሻው መጀመሪያ ይሆናል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ይቀጥላል። ኤሪክ ቡዲሽና ኤስቴል ካንቲሎን እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ባሳተሙት ጥናት የዚህን ደንብ ውጤት ተማሪዎቹ ካስገቡት ቅደም ተከተልና ከእውነተኛ ፍላጎታቸው ጋር አመሳክረው መረመሩ። በዚህ ደንብ እውነት መናገር ሁልጊዜ አያዋጣም። አንድ ተማሪ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ፈላጊ ያልበዛበትን የአነስተኛ ድርጅቶች አመራር ነው እንበል፤ በሁለተኛነት የሚፈልገው የድርድር ኮርስ ግን ገና በመጀመሪያው ዙር ይሞላል። ብልሁ ተማሪ ድርድርን አንደኛ ብሎ ያስገባል፤ የሚወደው ኮርስ የትም አይሄድበትም። ብዙዎች ይህን ሲያደርጉ ግን ድርድርን ከልብ የፈለገው ሰው ሁለተኛ ምርጫቸው በሆነላቸው ሰዎች ተገፍቶ ይቀራል። አጥኚዎቹ ተማሪዎች በእርግጥ እንዲህ እንደሚያደርጉና ይህም በጠቅላላው ጉዳት እንደሚያስከትል አሳይተዋል።

ከጥናቱ ሊጤን የሚገባው ግኝት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ተንኮል የማያስተናግደው ተራ ዕጣና ተንኮል የሚያስተናግደው የዙር ደንብ ሲነጻጸሩ ተማሪዎችን በጠቅላላው ይበልጥ የጠቀመው ሁለተኛው ሆነ። ተማሪው ሐቀኛ እንዲሆን የማያስገድድ ደንብ ሐቀኛ ከሚያደርገው ደንብ በልጦ ተገኘ ማለት ነው። የደንብ ንጽሕናን ብቻ መመዘኛ አድርጎ መነሣት ለኮሚቴዎች ቀላል መንገድ ነው፤ ይህ ግኝት ያን መንገድ ይዘጋባቸዋል።

ሌሎች ትምህርት ቤቶች ጨረታን መርጠዋል። ተማሪው ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡን በኮርሶች ላይ አከፋፍሎ ይጫረታል። የገበያን ጥበብ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ይህ ሥርዓት ያለ ብዙ ጥያቄ ተቀባይነት ማግኘቱ ይገባል፤ ግን እውነተኛ ገበያ አይደለም፤ ምክንያቱም የተረፈ ነጥብ ከመዝገቡ ውጪ ምንም አይገዛም። ታይፉን ሶንሜዝና ኡትኩ ኡንቨር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ትምህርት ቤትን መነሻ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የጨረታውን ስውር ጉድለት ገልጠዋል። የጨረታው ነጥብ ሁለት የማይጣጣሙ ሥራዎች እንዲሠራ ይጠየቃል፦ ለመቀመጫው ማን ይቅደም የሚለውን ይወስናል፤ ተማሪው የትኛውን ኮርስ እንደሚያስበልጥም ይናገራል። የሚወደው ኮርስ በጥቂት ነጥብ እንደሚገኝ የገመተ ተማሪ ብዙውን ነጥብ በውዱ ኮርስ ላይ ያደርጋል። ሁለቱ ኮርሶች በአንድ ሰዓት ቢጋጩ መዝጋቢው ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን አብልጦ እንደፈለገ ቆጥሮ ያልወደደውን ይመድብለታል። አጥኚዎቹ ያቀረቡት መፍትሔ ሁለቱን መለየት ነው፤ ተማሪው ከነጥቡ በተጨማሪ የፍላጎቱን ቅደም ተከተል ለብቻው ያስገባ።

የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ዋርተን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ጨረታውን ትቶ ኮርስ ማች በተባለ ሥርዓት ተክቷል። መሠረቱ ቡዲሽ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ነው። ተማሪው አይጫረትም፤ ለእያንዳንዱ ኮርስ የሚሰጠውን ዋጋ በቁጥር ያስታውቃል፤ ሁለት ኮርሶች አብረው ሲወሰዱ ይበልጥ የሚጠቅሙት ወይም የሚደጋገሙበት እንደሆነም ይገልጻል። ከዚያ ኮምፒውተር ለሁሉም እኩል ሊባል የሚችል ሰው ሠራሽ ገንዘብ ሰጥቶ ፍላጎትና መቀመጫ የሚቀራረቡበትን ዋጋ ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱም ከአቅሙ ያላለፈውን ምርጥ የኮርስ ስብስብ ይገዛለታል። ገንዘቡ ፍጹም እኩል ያልሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፍላጎትና አንድ ዓይነት ገንዘብ ይዘው አንድ መቀመጫ ቢፈልጉ በየትኛውም ዋጋ ወይ ሁለቱም ይገዛሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። መቀመጫ ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ ሚዛኑን ለማግኘት ጥቂት የገንዘብ ልዩነት ያስፈልጋል።

ሸክሙ ግን ከስልት ወደ ራስን ማወቅ ተሸጋገረ። ሥርዓቱ ተማሪው ፍላጎቱን በቁጥር መግለጽ ይችላል በሚል እምነት ላይ ቆሟል። ቡዲሽና ጀድ ኬስለር የዋርተን ተማሪዎችን ይዘው ባደረጉት ሙከራ ተማሪዎች ፍላጎታቸውን ሲያስታውቁ እንደሚሳሳቱ፣ ሆኖም አዲሱ ሥርዓት ከነስሕተታቸው ከጨረታው እንደሚሻላቸው ተመልክተዋል። ስሕተቱ የሚቀንሰው ተማሪው ስለ ኮርሱ ይዘትና ምዘና አስቀድሞ በበቂ ሁኔታ ሲያውቅ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ የኮርስ መግለጫ በጊዜ ማውጣት የድልድሉ አንድ ክፍል ነው።

አንድ ክፍል ብቻ ባለው ትንሽ መርሐ ግብር፣ በኢትዮጵያም ብዙ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች እንዲህ ናቸው፣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። እዚህ የሚያጥረው መቀመጫ ሳይሆን የሚከፈተው ኮርስና የሚያስተምረው መምህር ነው። ውሳኔው በእጅ ብልጫ ከተሰጠ ያው የዕጣው ችግር በሌላ ስም ይመለሳል። ሃያ አምስት ተማሪዎች ሁለት የምርጫ ኮርስ ይከፈትላቸው እንበል፤ 13ቱ የፋይናንስ፣ 12ቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ኮርሶችን ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻ ድምፅ ቢሰጥ ሁለቱም ፋይናንስ ይሆናሉ። የ13ቱ ሁለተኛ ምርጫ የ12ቱን የመጀመሪያ ምርጫ ያስቀራል። እያንዳንዱ ተማሪ የተወሰነ ነጥብ ተሰጥቶት በሁለቱም ኮርሶች ላይ በአንድ ጊዜ ቢያከፋፍል፣ ወይም አንዴ ያሸነፈ ወገን ለሁለተኛው ኮርስ ድምፁ ዝቅ ቢልለት፣ አንዱ መክፈቻ ለ12ቱ የመድረስ ዕድል ያገኛል። ለ13ቱ ይህ ኪሳራ መሆኑ አይካድም፤ ጥልቀት ያለው የፋይናንስ ዝግጅት አንድ ኮርስ ብቻ ይዞ አይገኝም። ከአጎራባች የሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ ማስተርስ ክፍል ጋር ኮርሱን በጋራ መክፈት ለእነርሱ የተሻለ መውጫ ነው፤ ለዚህም የሁለቱ ክፍሎች የጊዜ ሰሌዳ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ምናልባትም ከአንድ ሴሚስተር አስቀድሞ፣ አብሮ መውጣት ይኖርበታል።