ልብ ወለድን እንዴት እናንብብ?



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ሕፃናትን ሲያስተምር ስለ ጣና ገዳማት አንድ አስደናቂ ምስጢር ተረከላቸው። በኋላ አንድ አባት «ልጄ፣ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘኸው?» ብለው ቢጠይቁት መልሱ «ከዴርቶጋዳ» ሆነ። ሁላችንም አፈርን፤ መጽሐፉን ያዋስነው እኛ ነበርንና።

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቶች በብዛት ካነበቧቸው ልብ ወለዶች አንዱ ነው። የጣናን ገዳማት ከሳይንስና ከስለላ ጋር አጣምሮ ይተርካል። ጥፋቱ የደራሲው ነውን? አይደለም። እርሱ የጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ ታሪክ ያደረግነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቻችን «እንግዲህ ልብ ወለድ ይቅርብን» አልን። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው ስለ አንዲት በግ ምሳሌ በመንገር ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። ባለጸጋውና ድሃው በምሳሌ ብቻ የነበሩ ናቸው፤ የንጉሡ ኃጢአት ግን እውነት ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስም ወጣቶች የአሕዛብን መጻሕፍት ሲያነቡ እንደ ንብ እንዲሆኑ መክሯል። ንብ አበባን ሁሉ አትቀስምም፤ ከምትቀስመውም የሚጠቅማትን ብቻ ትወስዳለች።

ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ አንብበን ስንወያይ ሦስት ጥያቄዎች እናንሣ።

1ኛ. በእውነት ያለው የቱ ነው? ዳጋ እስጢፋኖስ በጣና ላይ አለ፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም በዚያ መኖሩም ይታወቃል። የተቀረውን አባቶችን እየጠየቅን እንለይ።

2ኛ. የሚናገረው ማን ነው? ገጸ ባሕርዩ ቢሳደብ ወይም ቢክድ ደራሲው አምኖበታል ማለት አይደለም። በምሳሌው ያለው ባለጸጋ የድሃውን በግ ቢወስድ ናታን ቀማኛ አይባልም።

3ኛ. ስለ ራሳችን ምን አሳየን? ዳዊት በመጀመሪያ በባለጸጋው ላይ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ዐወቀ። እኛም በገጸ ባሕርዩ ላይ ብቻ ፈርደን መጽሐፉን ብንዘጋው ያነበብነው ግማሹን ነው።

ያ ወንድማችን በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሕፃናቱ ተመልሶ «የነገርኳችሁ ፈጠራ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አላቸው። ከሕፃናቱ አንዷ እጅዋን አውጥታ «እሺ፣ ግን መጨረሻው ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም በዚያ ቀን ፈጠራን ከታሪክ ለይቶ አስተማራቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።